ለበቆጂ ነጋዴ የሚበጀው መኪና የትኛው ነው?

ነጋዴ መኪና በሚገዛበት ጊዜ ሠራተኛ እንደሚቀጥር አድርጎ ሊያስበው ይገባል። መኪና አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ በየወሩ የሚበላ፣ አልፎ አልፎ የሚታመም፣ ጫማ የሚቀይር፣ ጌታውን በሰዓቱ የሚያደርስ ወይም ከመንገድ ጥሎ የሚያስቀር ነውና። ይሁን እንጂ በአርሲ ደጋ፣ ይልቁንም በበቆጂና በአካባቢዋ፣ መኪና ሲመረጥ የሚታየው ልማድ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ልማድ አይመስልም። አንዱ ጎረቤቱ የገዛውን ይገዛል፤ ሌላው በአዲስ አበባ ያየውን ተመኝቶ ይመለሳል፤ ሦስተኛውም በዓመት አንድ ጊዜ ለሚደረግ ሽርሽር የሚያምረውን መርጦ ሦስት መቶ ስልሳውን ቀን ሲማረርበት ይኖራል። የቀድሞዎቹ ነጋዴዎች በቅሎ ሲገዙ ከኮርቻው በፊት ኮቴዋንና ጥርሷን ያዩ ነበር፤ የዛሬውም ነጋዴ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም።

አሁን ለብዙው ነጋዴ የሚስማማው አነስተኛ የመስክ መኪና የሚባለው ነው። ይኸውም ከቤት አውቶሞቢል ከፍ ያለ፣ ከላንድ ክሩዘር ያነሰ፣ አምስት ሰው ከነጓዙ የሚይዝ፣ በከተማ ጠባብ መንገድ እንደ ልብ የሚዞር፣ ከአስፋልት ሲወርድም የማያፍር ዓይነት ማለት ነው። ሕዝቡ በስማቸው ቪታራ፣ ራቭ ፎር፣ ቴሪዮስ፣ ራሽ፣ ቱሳን እያለ ይጠራቸዋል። እህሉንና ሸቀጡን አይሱዙ ስለሚያመላልሰው፣ ነጋዴው ራሱ የሚጭነው ናሙናውን፣ ወረቀቱን፣ ገንዘብ ያዡንና አልፎ አልፎም ቤተሰቡን ብቻ ነው። ስለዚህ ለክብር ተብሎ የሚገዛ ትልቅ መኪና ባዶ ወንበር የሚያመላልስ፣ ነዳጅ የሚጨርስና በየገበያው ሻጩ ዋጋ እንዲያስወድድ የሚመክር ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበቆጂ ነጋዴ የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ወደ አሰላ የሚወስደው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አስፋልት ሲሆን የብቅል ፋብሪካውና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በዚያ ስለሚገኙ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ሁለተኛው ከከተማው ወጥቶ ወደ ገጠር ገበያዎች የሚያስገባው የጠጠርና የዋልካ መንገድ ነው፤ ይህ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ ነው። ሦስተኛው በአሰላና በአዳማ አልፎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። ከእነዚህ ሌላ በበዓል ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ መውረድ ወይም በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ማለፍ አለ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሊያየው የሚፈልገው ሰው ቁጥር ቢበዛ አያስገርምም።

ከተማይቱ በዓለም የታወቀችው በእግር እንጂ በጎማ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ደስ ያሰኛል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተነሡት ከዚሁ ከፍታ ነው። ነገር ግን ለሯጭ ሳንባ ጥቅም የሰጠው ስስ አየር ለቤንዚን ሞተር ጉዳት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ያጣል። በቆጂ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሞተሩ ከአራት አንድ እጅ በላይ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። በሌላ አነጋገር በወረቀት 1,600 ሲሲ የተባለው በበቆጂ ዳገት እንደ 1,200 ሲሲ ይጎትታል። ከጎባ በላይ ያለው የሰነቴ አምባ መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና በዚያ የሚጠፋው ጉልበት ከሦስት አንድ እጅ ያልፋል። በአዳማ ሜዳ የተመሰገነ ባለ 1,300 ሲሲ መኪና አምስት ሰው ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚያለከልከው በሌላ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተሩ ባደገና መኪናው ባረጀ መጠን ቀረጡን ከፍ ስላደረገ፣ ሕጉ ትንሹን ሞተር ሲመርጥ ተራራው ተለቅ ያለውን ይመርጣል። ነጋዴው በሁለቱ መካከል መታረቂያ መፈለጉ ግድ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ገበያው ራሱ ተለውጧል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ አስቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ መጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ባለቤንዚን የመስክ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባውን፣ ሌላ ሰው የነዳውን ነው። ሁለተኛው ምርጫ ባለኤሌክትሪኩ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

አስቀድሞ ስለ ባለቤንዚኑ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ለዓለም ገበያ የወጣው አሮጌው ቪታራ ራሱን የቻለ ሻንሲና ለጭቃ የሚሆን ዝቅ ያለ የማርሽ ክፍል አለው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ግራንድ ቪታራም ብዙውን ጊዜ ይህን ማርሽ ይዟል። በቅርብ ዓመታት የተሠራውና ቪታራ የሚለውን ስም ብቻ የወረሰው አዲሱ መኪና ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ነው፤ ዝቅተኛ ማርሽም የለውም። የስሙ አንድነት ገዢን ሊያሳስተው አይገባም። በ1986 ዓ.ም. የመጣው ራቭ ፎር ደግሞ በአስፋልት ላይ ከቪታራ ይልቅ የሚመችና ጸጥ ያለ ነው፤ ዳሩ ግን በፊት ጎማ ብቻ የሚሄደው ብዙ ስለ ሆነ፣ ገዢው በኋላ በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከማመን ይልቅ ጎንበስ ብሎ ከሥር የኋላ ዲፈረንሻል መኖሩን በዐይኑ ማየት አለበት። በዋልካ ላይ ሁለት ጎማ የሚነዳና አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ልዩነታቸው በሬ የመጥራትና ያለመጥራት ልዩነት ነው።

መኪናውን ከመፈተን በፊት የመለዋወጫውን ገበያ መፈተን ይበልጥ ይጠቅማል። ገዢው ወደ አሰላ ወርዶ ሦስት ዕቃ ይጠይቅ፤ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊት አሞርዛተር፣ የራዲያተር ቱቦ። ሦስቱን በአሰላ ካገኘ መኪናው የደጋው መኪና ነው። በአዳማ ብቻ ካገኛቸው በእያንዳንዱ ብልሽት አንድ የሥራ ቀን እንደሚከስር አስቦ ዋጋውን ይቀንስ። በአዳማም ካጣ ግን ያ መኪና ምንም ያህል ቢያምር ለአዲስ አበባ ሰው ይተወው። ከዚያ በኋላ መኪናውን ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በበቆጂ ብርድ ያስነሣው፤ በቀትር በአዳማ ሙቀት የሚነሣ ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ከወንበሩና ከፍሬን ፔዳሉ መበላት ጋር ያመዛዝነው እንጂ እንዳለ አይቀበለው።

ወረቀቱም ከሞተሩ ያላነሰ ምርመራ ይፈልጋል፤ ብዙ ነጋዴ ግን ይህን ለደላላ ይተዋል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ይነበብ። መኪናው በባንክ ዕዳ ተይዞ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከሁሉ ይልቅ መኪናው ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ ወይም በልዩ መብት ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑ ከዲክላራሲዮኑ ይታይ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ስለማይዛወር፣ በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው በመጨረሻ ከውዱ በላይ ሊከፍል ይችላል። የዓመቱ ምርመራ ቦሎና ኢንሹራንሱ የቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

ወደ ባለኤሌክትሪኩ ሲመጣ በበቆጂ የሚሰማው ወሬ ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንደኛው ወገን ይህ የከተማ ሰው መጫወቻ ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ቤንዚን ከእንግዲህ አበቃለት ብሎ ያለ ምርመራ ይገዛል። ሁለቱም እርሳስና ወረቀት ይዘው አልተቀመጡም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ በ2,800 ሜትር ላይ የበቆጂን ዳገት እንደ አዳማ ሜዳ ይወጣዋል። ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ያባክነው የነበረውን ኃይል በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። የዚህ ዓይነት አነስተኛ የመስክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ በቆጂ አሰላ ደርሶ መመለስ 110 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በቤት ውስጥ ያለ ተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ስለዚህ መኪናው ከማታው 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ቢሰካ ለነገው መንገድ ተዘጋጅቶ ያድራል ማለት ነው። ወፍጮ ያለው ነጋዴ ደግሞ የስሪ ፌዝ ቆጣሪ ስላለው፣ በዐዋቂ ኤሌክትሪሺያን ለብቻው 32 አምፔር መስመር ቢያስዘረጋ ጊዜው ወደ ሦስት ሰዓት ይወርዳል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለና ሁልጊዜ የሁለት ቀን ስንቅ በባትሪው ውስጥ ማቆየት ብልኅነት ነው።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለበቆጂ አይሆንም የሚለው ቃል ለባለሱቁ፣ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤትና በአስፋልት ብቻ ለሚመላለሰው ሁሉ ስሕተት ነው። ለእነርሱ ይሆናል፤ ከቤንዚን ሰልፍም ያድናቸዋል።

ረጅሙ መንገድ ግን ሌላ ስሌት አለው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከአዳማ እስከ በቆጂ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ መንገዱ ሜዳ ቢሆን ከሚፈጀው ሌላ ለመውጣቱ ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ከዐሥር አንድ እጅ በላይ ለዳገቱ ሄደ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሞልቶ የተነሣ መኪና በቆጂ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን በባትሪው ውስጥ የሚቀረው ወደ ሩብ የሚጠጋ ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ከቸኮለ ወይም ሌሊቱ ከበረደ ከዚያም ያንሳል። በቻይና የጉዞ መለኪያ ተለክቶ በወረቀት የተጻፈው ርቀት እጅግ የተለጠጠ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ከተጻፈው ላይ ሲሶውን ቀንሶ ቢያስብ አይጎዳም። ወደ ባሌ ደርሶ መመለስማ በአንድ ሙሌት የሚሆን አይደለም፤ በመንገድ ላይ መሙያ ማግኘትን ይጠይቃል። ከፍታውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቹ ባለኤሌክትሪክ የመስክ መኪኖች ከመሬት የሚርቁት ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከወለሉ ሥር የተዘረጋው ከሁሉ የከበደ ዋጋ ያለው ዕቃ፣ ባትሪው ነው። በነሐሴ ወር በገጠር መንገድ ድንጋይ የመታው ባትሪና ድንጋይ የመታው የዘይት ቋት ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ግልጽ ነው። በየገጠሩ ገበያ ክረምት ከበጋ የሚዞር የእህል ሰብሳቢ፣ ዝቅተኛ ማርሽና አራት ጎማ ያለውን፣ መለዋወጫው በአሰላ የሚገኘውን አሮጌ ባለቤንዚን በጥንቃቄ መርጦ ይያዝ፤ አሮጌ ነው ብሎም አይፈር። ሥራው ከሱቅ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ፋብሪካ የሆነ ሰው ባለኤሌክትሪኩን ይግዛ። ሁለቱንም ሥራ በአንድ መኪና ለመሥራት የሚሞክር ሰው ለሁለቱም የማይመች ዕቃ ገዝቶ ይቀራል። የሰነቴን አምባና በላዩ ያለውን 4,377 ሜትር ከፍታ የያዘውን ቱሉ ዲምቱን ለቤተሰቡ ሊያሳይ የሚፈልግም በዓመት አንድ ጊዜ ጠንካራ መኪና ከነሾፌሩ ቢከራይ፣ ለዚያ አንድ ሳምንት ሲባል ትልቅ መኪና ዓመቱን ሙሉ ከመቀለብ እጅግ ይሻለዋል። ልጆቹ ቀይ ቀበሮውን በኪራይ መኪና መስኮት ቢያዩት ቀበሮው አይለወጥም።

የመኪናው ዋጋ ከብር ይልቅ በኩንታል ገብስ ቢቆጠር ደግሞ ብዙ ሰው ከመኝታው ይነቃል። የገብስ ሰብል የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ገዢ ዋጋን ይቆርጣል፤ የሌለው ግን በሌላው ገንዘብ ኮሚሽን ለቃሚ ይሆናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ከወሰነ ወዲህ፣ ቆይቶም ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢያደርገውም፣ ብድር ለትንሹ ነጋዴ ውድ እንግዳ ሆኖበታል። በጥቅምት ካፒታሉን በመኪና ላይ አሥሮ በኅዳር ባንክ በር ላይ የሚቆም ነጋዴ መኪና ገዛ ይባላል ወይስ ንግዱን ሸጠ? መኪና የሚገዛበት ትክክለኛ ወቅት ሰብሉ ተሽጦ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገዱም ደርቆ ስለሚገኝ ፈተናውን ከክረምት በፊት ማድረግ ይቻላል። በበልጉ ዝናብ ጊዜ ከሆነም የበለጠ መልካም ነው፤ ጭቃው ራሱ መርማሪ ይሆናል።

ለአስመጪዎችም የሚነገር ቃል አለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ከወሰነ ወዲህ፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች በብዛት ገብተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ጽሑፋቸው በቻይንኛ ብቻ የሆነ፣ የአምራቹ ዋስትና ከቻይና ውጭ የማይከተላቸው አሉ። አስመጪው መኪናውን ሲያመጣ የፊት መስታወት፣ መብራትና የእገዳ ዕቃ ካላመጣ የሸጠው ግማሽ መኪና ነው፤ ገዢውም የከፈለው ሙሉ ዋጋ ነውና ይህን በውል ላይ ማስጻፍ መብቱ ነው። ያገለገለ ባለኤሌክትሪክ የሚገዛም የባትሪውን ቀሪ ዐቅም በመሣሪያ አስለክቶ በጽሑፍ ሳይቀበል ገንዘብ መቁጠር የለበትም። በአሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተር በ2012 ዓ.ም. ባለኤሌክትሪክ ሐዩንዳይ በአገር ውስጥ መገጣጠም መጀመሩ መልካም ምሳሌ ነበር፤ አገር ውስጥ በር ያለው ሻጭ ቢያንስ የሚያንኳኩት ቤት አለው።

የቀረው የመሙያ ጣቢያ ነገር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የመሙያ ጣቢያዎቹ ግን አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው፤ የአርሲ ነጋዴም ይህን እንደ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አድርጎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ነገሩ ግን ንግድ ነው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ወደ ባሌ የሚያልፍ ባለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው የሚጎድልበት ቦታ እርሷ ናት። አንድ 60 ኪሎ ዋት መሙያ የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም አንድ ተጓዥ ምሳ የሚበላበት ጊዜ ነው። ግቢ ያለው የሆቴል ባለቤት ከዚህ የተሻለ ደንበኛ አስገዳጅ ከየት ያገኛል? መሙያው የራሱ ትራንስፎርመር ስለሚያስፈልገው ለአንድ ሰው ወጪው ይከብዳል፤ በአሰላና በበቆጂ ያሉ ሦስት አራት ነጋዴዎች አክሲዮን አዋጥተው፣ ምክር ቤቱም ማመልከቻቸውን በአንድነት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢያቀርብላቸው ግን የሚቻል ነው። መሣሪያው ሲታዘዝ አንድ ነገር አይዘንጋ፤ ለቻይና የተሠሩት መኪኖችና ለአውሮፓ የተሠሩት የመሰኪያ አፋቸው የተለያየ ስለ ሆነ፣ ጂ ቢ ቲ እና ሲ ሲ ኤስ 2 የሚባሉት ሁለቱም ገመዶች ያሉት ይሁን።